ከልየታው በኋላስ? በትምህርት ቤት ቀድሞ የሚጀመር የአእምሮ ጤና ድጋፍ የሚሰናከልበት ቦታ

ስለ ልጆችና ወጣቶች የአእምሮ ጤና በተነሳ ቁጥር አንድ ጥሪ ይደመጣል፦ ቀድሞ መለየት። መምህራን ምልክት የማወቅ ሥልጠና ይውሰዱ፣ ተማሪዎች መጠይቅ ይሙሉ፣ ወላጆች ንቁ ይሁኑ ይባላል። ጥሪው ስህተት የለበትም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። የተለየው ልጅ ወዴት ይሄዳል? ማን ያነጋግረዋል? በስንት ቀን ውስጥ? ስንት ጊዜ? እነዚህ ሳይመለሱ ልየታ የጀመረ ትምህርት ቤት በእጁ የሚቀረው የስም ዝርዝር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ደግሞ በመምህራን ማረፊያ ውስጥ ተሸሽጎ አይቆይም፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሰማል።

ቀድሞ መጀመር የሚያስፈልግበት ምክንያት አከራካሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣና 192 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና እንዳሳየው፣ የአእምሮ ሕመም ከሚገጥማቸው ሰዎች 34.6 በመቶዎቹ 14 ዓመት ሳይሞላቸው፣ ግማሽ ያህሉ 18 ሳይሞላቸው፣ 62.5 በመቶዎቹ ደግሞ 25 ሳይሞላቸው ይጀምራቸዋል። ሕመሙ በብዛት የሚጀምርበት ዕድሜ 14 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ይህ ዕድሜ በእኛ አገር ልጁ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል የሚሻገርበት፣ ብዙ ጊዜም ትምህርት ቤት የሚቀይርበት ነው። የሚያውቁት መምህራን ትተውት የማያውቁት የሚቀበሉት በዚያው ሰሞን ነው፤ ተለውጧል አልተለወጠም ብሎ የሚፈርድ ሰው አይኖርም።

ወደ ልየታው እንመለስ። በአገራችን ከተሠሩት ቆየት ያሉ ጥናቶች ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ብዙ ያስተምራል። በአምቦ ወረዳ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው በአጭር መጠይቅ 17.7 በመቶ በሚሆኑ ልጆች ላይ የባህርይ ችግር ምልክት አገኘ። በቡታጅራ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ግን በረጅም የምርመራ ቃለ መጠይቅ ያገኘው 3.5 በመቶ ብቻ ነው። የአካባቢ ልዩነት ይኖራል፤ ዋናው ነገር ግን መሣሪያው ነው። አጭር መጠይቅ ዓይኑ ሰፊ ወንፊት ነው፤ ብዙ ያሳልፋል፣ ያለፈውን መልሶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ስሌቱን በትምህርት ቤት እንሥራው። 1,000 ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ 100ው በእርግጥ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል እንበል። መጠይቁ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው 80 በመቶውን ያገኛል፣ ከማያስፈልጋቸውም 80 በመቶውን በትክክል ያልፋል እንበል። ለአጭር መጠይቅ ይህ መጥፎ ውጤት አይደለም። 80 ልጆች በትክክል ይያዛሉ። ከቀሩት 900 ግን 180ው ያለ ምክንያት ምልክት ይደረግባቸዋል። ዝርዝሩ 260 ስም ይይዛል፤ ከሁለት ሦስተኛ በላዩ የተሳሳተ ነው። 20 ልጆች ደግሞ ችግር እያለባቸው ደህና ተብለው ያልፋሉ። አንድ ካውንስለር በሳምንት 15 ልጆች ቢያነጋግር እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ለማየት ብቻ ከ17 ሳምንት በላይ ይፈጅበታል፤ ሴሚስተሩ አለቀ ማለት ነው።

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትና በአማርኛም የተተረጎመው የጥንካሬና የችግር መጠይቅ 25 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ አምስት አምስት እየሆኑ በአምስት ክፍል ይመደባሉ። አራቱ ክፍሎች ተደምረው ከ0 እስከ 40 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣሉ፤ አምስተኛው የልጁን በጎ ጎን ስለሚለካ ከድምሩ ውጭ ነው። ችግር አለ ለማለት በብዛት የሚጠቀሰው መቁረጫ ነጥብ ግን ከእንግሊዝ ልጆች የተወሰደ ነው። ስለዚህ መጠይቁን የንግግር መክፈቻ አድርጎ መጠቀም ይሻላል፤ በነጥቡ መፍረድ አይገባም። አሞላሉም ላይ ችግር አለ። ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሆኖ የሚሞላ ወረቀት የጎረቤትን መልስ ነው የሚሰበስበው። ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቅ መስመር ያለበት ወረቀት ደግሞ በዚያው ቀን የሚነበብ ካልሆነ ለልጆቹ መሰጠት አልነበረበትም። ለመጠየቅ የደፈረ ትምህርት ቤት ከትምህርት መውጫ ሰዓት በፊት ማንበብና ማነጋገር አለበት።

ከመጨረሻው ጀምሮ መሥራት

የተሻለው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሹ ነው፦ መጀመሪያ የሕክምናውን በር፣ ቀጥሎ የሚያነጋግረውን ሰው፣ በመጨረሻ የመምህራንን ዓይን ማዘጋጀት።

የሕክምናው በር የሚጀምረው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ መጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ለማውረድ ያዘጋጀው ፕሮግራም በኢትዮጵያ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ብዙ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነዋል። ችግሩ የሠለጠነው ሰው መዘዋወሩ ነው፤ ዘንድሮ የነበረው ለከርሞ ሌላ ወረዳ ይገኛል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሦስት ነገር ማጣራት አለበት፦ የሠለጠነው ባለሙያ ማን ነው፣ በየትኞቹ ቀናት ይሠራል፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወይም ሐኪም ያለበት ቅርቡ ሆስፒታልስ የት ነው? ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ርዕሰ መምህሩ፣ ካውንስለሩና አንድ ተለዋጭ ሰው ጋር ይቀመጣል። የልጆች የአእምሮ ሐኪም በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር በመሆኑ መጨረሻው ሁሌም አዲስ አበባ ነው ብሎ ማሰብ ልጁን ያለ እርዳታ ያስቀረዋል።

የሪፈር ወረቀቱ አጭር ይሁን፤ ምን እንደታየ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሞከረ፣ የአሳዳጊ ስልክ። "ድብርት አለባት" ተብሎ አይጻፍም፤ "ከታኅሣሥ ጀምሮ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ትቀራለች፣ ምሳ አትበላም፣ ክፍል ውስጥ ታለቅሳለች" ይጻፋል። የበሽታውን ስም ማውጣት የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። ወረቀት ተሰጥቶት ብቻውን የተላከ ልጅ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ የመጀመሪያውን ቀን አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። በሳምንቱ ደግሞ "ደረሳችሁ ወይ? ምን አሏችሁ?" የሚል አንድ የስልክ ጥሪ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ዋጋው ዝቅተኛው፣ በብዛት የሚረሳውም ይኸው ጥሪ ነው።

የሚያነጋግረው ሰው ጉዳይ ከበድ ይላል። የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ክፍል ያላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባለሙያውን ለክበብ ማስተባበሪያ፣ ለመስክ ምርጫ ገለጻና ለዲሲፕሊን ጉዳይ ያውሉታል። የመጨረሻው በተለይ ሥራውን ከሥሩ ያበላሻል። ትናንት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጦ ወላጅ አምጣ ያለ ሰው ዛሬ የልብህን አውራኝ ቢል የሚሰማው የለም። ካውንስለር ከሌለ ልጆቹ በራሳቸው ፈቃድ የሚቀርቡትን አንድ መምህር፣ ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መምረጥ፣ ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜያቸውም በሳምንት ስድስት ያህሉን መቀነስ ያስፈልጋል። ክፍለ ጊዜ ያልተቀነሰለት "ፎካል ፐርሰን" የተሰጠው ማዕረግ ብቻ ነው። በስድስት ክፍለ ጊዜ ስድስት ልጆችን በየሳምንቱ መከታተል ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ንግግሩ ወደ ሰላምታ ይወርዳል። ይህ ሰው ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ከሆስፒታሉ ነርስ ወይም ከሳይኮሎጂ ባለሙያ ጋር፣ ስም ሳይጠራ፣ የያዛቸውን ጉዳዮች ቢወያይ ራሱም አይደክም፣ ልጆቹንም ከአቅሙ በላይ ይዞ አይቆይ።

የመጀመሪያዎቹ ውይይቶች

ቦታው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ አይሁን። ልጁ ሲገባ ጓደኞቹ የማያዩት፣ ድምፅ የማይወጣበት፣ ግን በሩ በከፊል ክፍት የሆነ ክፍል ይሻላል፤ ይህ ልጁንም መምህሩንም ይጠብቃል። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። አጀማመሩ በዓይን ከታየ ነገር ይሁን፦ "ሰሞኑን ከበፊቱ ዝም ብለሽ አያለሁ። ምሳ ሰዓትም ብቻሽን ነሽ። እንዴት ነው ነገሩ?" "ምን ሆነሽ ነው?" ሲባል የሚመለሰው "ምንም" ነው።

ከዚያ በፊት ግን የምስጢሩ ወሰን ይነገራል። "ለማንም አልናገርም" ብሎ ቃል መግባት አደገኛ ነው፤ ቃሉ በተሰበረ ቀን ያ ልጅ ብቻ ሳይሆን የሰሙት ሁሉ ይሸሻሉ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ "የምትነግረኝን ወሬ አላደርገውም። ግን ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ነው ብዬ ከፈራሁ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ፣ ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ለማን እንደምናገር ግን ቀድሜ ለአንተ እነግርሃለሁ።"

ጥቃቱ ከቤት የመጣ ከሆነ ቀድሞ ወላጅ መጥራት ልጁን ለበዳዩ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚኬደው ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ ነው፤ ለጾታዊ ጥቃት ደግሞ እንደ አዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ወዳገናኙ ማዕከላት።

በውይይቱ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ስህተት ቶሎ ማጽናናት ነው። ልጁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ምክር፣ የሌላ ሰው ታሪክ፣ "አንተ እኮ ጎበዝ ነህ" ይዘንብበታል፤ ልጁም በአክብሮት "እሺ" ብሎ ይወጣል። ሌላው ስህተት ከአካል ችግር ሳይለዩ መጀመር ነው። በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ዓይኑ ፈዞ የሚቀርና ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ሐሳበኛ ሳይሆን የሚጥል በሽታ ዓይነት ያለበት ሊሆን ይችላል። የማያይ፣ በደንብ የማይሰማ፣ ቁርስ ያልበላ፣ ሌሊቱን በስልክ ወይም በጫት ያነጋ ልጅም ትኩረት የለውም ይባላል።

ከመጀመሪያው ውይይት በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው ፍቱን የሆነ አንድ መድኃኒት ባይኖርም፣ ስፔሻሊስት ላልሆነ ሰው የተዘጋጁ መንገዶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊዎች ያዘጋጀውና ኢዝ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የቡድን ሥልጠና ሰባት ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ለአሳዳጊዎች ደግሞ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ተለይተው ተመድበዋል። ይዘቱ ውስብስብ አይደለም፤ ስሜትን መለየትና መናገር፣ በዝግታ መተንፈስ፣ የተተወን ነገር በጥቂቱ መልሶ መጀመር፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት ነው።

ከእነዚህ ለድብርት የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው ሦስተኛው፣ የተተወን ነገር መልሶ መጀመር ነው፤ የሚበላሸውም እሱ ነው። ልጁ "ከነገ ጀምሮ አጠናለሁ" ብሎ ይወጣል፣ አያጠናም፣ በማግሥቱ ከበፊቱ የባሰ ራሱን ይወቅሳል። ዕቅዱ ማነስ አለበት፦ የትኛው ሥራ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ለስንት ደቂቃ። "ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለ15 ደቂቃ ኳስ" ይበቃል። ስሜቱ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ድርጊቱ ይቀድማል፣ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። ይህን ልጁም ወላጁም ካልተረዱት ሳምንት ሳይሞላው "አልሠራም" ይባላል።

ለፍርሃትና ለጭንቀት መንገዱ ይለያል። ከትምህርት ቤት መቅረት የጀመረ ልጅ እቤት በቆየ ቁጥር ለጊዜው ይቀለዋል፤ እፎይታው ራሱ መመለሱን ያከብድበታል። ስለዚህ "ሲሻለው ይምጣ" የሚለው ደግነት ይጎዳዋል። መጀመሪያ ግቢ ድረስ፣ ቀጥሎ የሚወደው ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀን እያሉ በሁለት ሦስት ሳምንት መመለስ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የሚፈራው ነገር በእርግጥ አለ ወይ ብሎ ማጣራት ግድ ነው። መንገድ ላይ የሚያስፈራራው ወይም የሚደበድበው ሰው ካለ ቅድሚያ መቆም ያለበት የዚያ ሰው ድርጊት ነው።

ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይጨምርም። "አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲከብደው ምነው ባልኖርኩ ይላል፤ አንቺስ አስበሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። መልሱ አዎ ከሆነ ልጅቷ ብቻዋን አትተውም፤ አደጋው ከቤት ካልመጣ በስተቀር አሳዳጊ በአካል ይጠራል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል፤ እቤት ያለ ፀረ ተባይም ሆነ መድኃኒት ከቤት ይወጣል ወይም ተቆልፎ ቁልፉ አዋቂ እጅ ይገባል። የመጨረሻው እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል፤ ግን የከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ በዚያች ሰዓት እጅ የማይደርስበት ነገር ሕይወት ያተርፋል። ገበሬ ቤት ላይ ይህ በተለይ ይሠራል፤ ኬሚካሉ አልጋ ሥር ሊቀመጥ ይችላል።

የመምህራን ዓይን፣ እና ከዚያ በላይ

መምህራን ወደ ካውንስለር የሚልኩት በብዛት የሚረብሸውን ልጅ ነው። ድብርት ያለባት ልጅ ክፍል አትረብሽም፤ እንዲያውም "ጨዋ" ተብላ ትመሰገናለች። ቃሏም የሐዘን አይሆንም፦ ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል ትላለች፤ ፓራሲታሞል ይሰጣታል። ለመምህር ረጅም የምልክት ዝርዝር ከማስያዝ ሦስት ጥያቄ ማስያዝ ይበቃል፦ ከራሱ ከበፊቱ ሲነጻጸር ተለውጧል? ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል? ትምህርቱን፣ ጓደኝነቱን ወይም የቤት ኑሮውን አስተጓጉሎበታል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ለካውንስለሩ ይነገር። ሁለት ሳምንት የማይጠበቅባቸውም አሉ፤ ስለ ሞት የሚያወራ፣ ራሱን የቆረጠ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት እንቅልፍ ያጣ ልጅ በዕለቱ ይታያል።

የመምህራን ሥልጠና ብቻውን ግን ብዙ እንደማይራመድ በተጨባጭ ታይቷል። በአሥር የአውሮፓ አገሮች በ168 ትምህርት ቤቶች በ11,110 ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ ሦስት መንገዶችን አወዳድሮ ነበር፤ መምህራንን ምልክት እንዲለዩ ማሠልጠን፣ ተማሪዎችን በመጠይቅ ለይቶ ወደ ባለሙያ መላክ፣ ወይም ተማሪዎቹን ራሳቸውን ማስተማር። ከዓመት በኋላ ራስን የማጥፋት ሙከራን በግማሽ ያህል የቀነሰው ሦስተኛው ብቻ ነበር። እሱም በአራት ሳምንት ውስጥ የሚሰጥ አምስት ሰዓት ነው፤ ሦስቱ ሰዓት በልጆች መካከል የሚደረግ የሚና ጨዋታ። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ታዳጊ የጓደኛውን ጭንቀት ከመምህሩ ቀድሞ ያውቃል። ሚኒ ሚዲያና የተማሪ ክበባት ላሉት ትምህርት ቤት ይህ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን የሚና ጨዋታ ያለ ውይይት በሰልፍ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ከሆነ ያው ንግግር ነው።

ለሁሉም የሚሰጥ ነገር ሁሉ ይጠቅማል ማለትም አይደለም። በዩናይትድ ኪንግደም በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የማይንድፉልነስ (ትኩረትን በአሁኗ ቅጽበትና በራስ ስሜት ላይ የማሳረፍ ልምምድ) ሙከራ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ውጤት አላሳየም፤ ቀድሞ ችግር በነበረባቸው ላይ እንዲያውም ሊያባብስ እንደሚችል የሚጠቁም ነገር ተገኝቷል። ስለ ራስ ስሜት ደጋግሞ ማሰብ ለተጨነቀ ልጅ እረፍት ላይሆን ይችላል። በጦርነት ውስጥ ላለፉ ልጆችም ያዩትን ወዲያው በአንድ ቁጭታ እንዲተርኩ ማድረግን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ደኅንነት፣ የሚያውቁት አዋቂና የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ አብዛኞቹ በዚህ ይድናሉ፤ ከወራት በኋላም ቅዠቱና መደንገጡ ያልለቀቃቸው ተለይተው ይታከማሉ።

ቤተሰብ ጸበል መውሰዱን ከሕክምና ጋር ማጣላት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ምረጡ የተባለ ወላጅ በአብዛኛው ጸበሉን ይመርጣል፣ ለትምህርት ቤቱም ዳግም አይናገርም። በኤች አይ ቪ ጊዜ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዱ የሚለው መልእክት ከቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶች አፍ ሲወጣ ነበር ብዙዎች መድኃኒታቸውን የቀጠሉት። እዚህም ወላጅን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የተጀመረ መድኃኒት አይቋረጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፤ በድንገት ሲቆም ተከታታይና አደገኛ ማንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል።

የቀረው የ12ኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ ቀን አልተሳካም ይባላሉ። ድጋፉ ግን የሚሰጠው ከፈተና በፊት ነው፤ የማነቃቂያ ንግግር፣ የአጠናን ዘዴ፣ ጭንቀትን መቋቋም። ውጤቱ ሲወጣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ለቀዋል፤ በተቋም ደረጃ የሚመለከታቸው ማንም የለም። ሰኔ ላይ ካውንስለሩ ሲከታተላቸው የነበሩትን ልጆች የራሳቸውንና የአንድ የሚያምኑት ዘመድ ስልክ መዝግቦ፣ ውጤት በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ የሚደውልላቸውን ሰው አብሯቸው ቢወስን ይህ ክፍተት ይጠባል። ስልኩ ያልተነሳለት ልጅ ካለ ዘመዱ ጋ ይደወላል፤ እሱም ካልተገኘ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቱን ታውቀዋለች፤ የምትጠየቀውም "ውጤቱ ስንት መጣ" ብላ ሳይሆን "እንዴት ሰነበታችሁ" ብላ እንድትገባ ነው።